ከእትዬ ሻሽቱ ትሪ የበላሁባቸው ቀናት

ኅዳር 14 ቀን 2006፣ ቅዳሜ፤ መቱ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ዛሬ ቅበላ ነበር። ሰፈሩ ተሰብስቦ በሬ ጣለ። ቅርጫው የተከፋፈለው ጎረቤቴ እትዬ ሻሽቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ትልቁ አራርሳና ትንሹ ሂካ፣ እስከ ክርናቸው ደም ሆነው ሲበልቱ ዋሉ። በሬው እልኸኛ ነበር፤ ቢላዋው አንገቱ ላይ እያለ ተነሥቶ አጥሩን ገነደሰው። አራርሳ በመጥረቢያ ግንባሩን ብሎ ጣለው። ሴቶቹ ጮኹ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ ሁላችንም በላን።

እኔ አፌ አያርፍም። እትዬ ሻሽቱ ወንድሜን ዮፍታሄን እያዩ “ይሄ ልጅ ሲበላ ደስ ይለኛል፣ ሳያኝክ እኮ ነው የሚውጠው” ሲሉ ተቀብዬ ማውራት ጀመርኩ። እናታችን የሞተች ዓመት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃያ። ዳቦ እየወሰደ ትራሱ ውስጥ ይደብቅ ነበር። አንድ ቀን ጉንዳን ትራሱን ወርሮት ጆሮውን ሲነክሰው እሪ አለ። ትራሱን ብቀደው የአንድ ወር ዳቦ ሻግቶ ወጣ። ይህን ስናገር ትሪው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሂካ እንባው እስኪወርድ ስቆ “ጉንዳን!” አለው። ዮፍታሄ በእጁ የያዘውን ሥጋ ወደ ትሪው መለሰው። የሃያ ስድስት ዓመት ወንድ ነው፣ የራሱ ሞተር ብስክሌት አለው፤ እኔ ግን በሰው ፊት የስድስት ዓመት ልጅ አደረግኩት።

ጋሼ ጅራታ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ የሰፈሩ ግማሽ በር የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። አንድ ቁራጭ ጥብስ እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ሻሽቱ “ብሉ እንጂ ጋሼ፣ የኔ ቤት ሥጋ ይመራል እንዴ?” አሏቸው። “ጨጓራዬ” አሉ። እኔ ግን እውነቱን አውቃለሁ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ የሆስፒታሉን ወረቀት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የምግብ መውረጃቸው ጠቧል። ጠንካራ ነገር ከዋጡ ይታነቃሉ፣ ተመልሶም በአፍንጫቸው ይወጣል። ጅማ ሄደው እንዲታከሙ ተነግሯቸው አልሄዱም። ልጃቸው ቢሊሴ በሩን ዘግታ አጥሚት ታጠጣቸዋለች፣ እንደ አራስ። “ይህን ሰው ከሰማ ራሴን እሰቅላለሁ” ብለው አስምለውኛል። ቁራጩን ሰው ሳያይ ከእጃቸው ወስጄ በላሁላቸው።

የጎረቤት ምሥጢር እንዲህ የምጠብቅ ሴት የወንድሜን ለምን እንደዘረገፍኩ አላውቅም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

“ጉንዳን” ስሙ ሆኖ ቀረ። ሂካ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ “ጉንዳን መጣ፣ ዳቦ ደብቁ!” ይላል አሉ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ቀልድ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም እንጂ። ዮፍታሄ ምሳም ራትም አልበላም። “ለምን አትበላም?” ስለው ወንበሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ሰባበረው። “ሁለተኛ ስለምበላው እንዳታወሪ” አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሂካና ጋሼ ጅራታ መንገድ ላይ ተሰዳደቡ። ዳሪሙ ያለው የቡና መሬታቸው ይዋሰናል፤ ሂካ አዲስ አጥር አጥሮ የጋሼን መተላለፊያ ዘግቷል። ጋሼ “ይሄን አጥር ራስህ ላይ ነው የማፈርሰው!” ሲሉ ሰው ሁሉ ሰማ። ጋሼ አፍ እንጂ እጅ የላቸውም። ለቀማ ሲደርስ መቼም ሰው ሁሉ ቁጡ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሂካን ገደሉት። ዳሪሙ መንገድ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ። በገጀራ። ደንበኛ ቆሞብኝ ነው የምጽፈው። እትዬ ሻሽቱ ሲጮሁ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ቀበርነው። ከመገነዙ በፊት ጥጥና ፋሻ ይዤ እንድመጣ ጠርተውኝ ነበር። ከግራ ጆሮው እስከ አገጩ ተከፍቷል። ጥርሱ በጉንጩ በኩል ይታያል። አንገቱ ላይ ሁለት ሌላ ምት አለ፣ ያ ከወደቀ በኋላ የተመታው ነው። እጁ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የሚያውቀው ሰው ነው የቀረበው ማለት ነው። ቁስሉን በጥጥ ስሞላ አራርሳ አጠገቤ ቆሞ “አትሸፍኝው፣ ልየው” አለኝ። እስኪጠግብ አየው።

እትዬ ሻሽቱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው እህል አልቀምስም አሉ። ሁሉም ለምኖ አቃተው። እኔ ቀርቤ በግድ አጎረስኳቸው። “ካንቺ እጅ ብቻ ነው የምበላው፣ ጥሩዬ” አሉኝ። ከአንድ ትሪ በላን። ዮፍታሄ ለቀብር አልመጣም። ሰኞ ኡካ ከተማ ሰው አደርሳለሁ ብሎ እንደወጣ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ። ሠልስት።

ጋሼ ጅራታ ድንኳን መጥተው ከሁሉም በፊት ተቀምጠው ከሁሉም በኋላ ተነሡ፤ እህል ላይ ግን እጃቸውን አልሰደዱም። “ጾም ላይ ነኝ” አሉ። ትሪው ላይ ያለው ሽሮና ጎመን ነው፣ ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል። አራርሳ አያቸው። እሱ ሲያያቸው እኔ አየሁት።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ደም ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ትሪ አይበሉም። የገዳይ ዘመድና የሟች ዘመድ፣ ሽማግሌ ጉማ የሚባለውን የደም ካሳ አስፈጽሞ ደሙን እስኪያደርቅ ድረስ፣ በአንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ከሰሜን የመጣው አያቴም መቱ ሲገባ መጀመሪያ የተማረው ይህን ነው ይባላል። ስለዚህ ሐዘን ቤት ገብቶ ያልበላ ሰው በዓይን ይያዛል።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ዮፍታሄ መጣ። ሸሚዙን አጠብኩለት። ዕድፉን የቡና ጭማቂ ነው አለኝ፣ ለቀማ ላይ ስለሆኑ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው የነከርኩት። የቡና ጭማቂ በምን እንደሚለቅ አላውቅም፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቀው ደም ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩ እንጃ። ገጀራችን ከጓዳ የለም። ምናልባት ለሰው አውሶት ይሆናል።

ዳቦ ሰጠሁት፣ ሳያኝክ በላ። “እትዬ፣ ሌላ አለ?” አለኝ። አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀኝም።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

እትዬ ሻሽቱ ቤት ሄጄ በላሁ። ባልሄድ ይጠይቃሉ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

በየቀኑ እሄዳለሁ። ከሥራ ስወጣ ትሪው ቀርቦ ይጠብቀኛል፤ ሳልመጣ አይነኩትም። ያጎርሱኛል፣ አጎርሳቸዋለሁ። ከዚያ ከጓሮ አጥሩ ሥር አስመልሳለሁ። ዛሬ አንዷ ደንበኛዬ “ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ? አትበዪም እንዴ?” አለችኝ። እኔን መዝና የማታውቅ ሴት! “አንቺስ ትናንት ምን በላሽ?” አልኳት። ደንግጣ መድኃኒቷን ትታ ሄደች።

ሰው ስለሚበላው ሲጠየቅ ለምን እንደሚያፍር ሳስበው ዋልኩ። ትንሽ ከበላሽ ድሃ ነሽ፣ ብዙ ከበላሽ ሆዳም፣ ተደብቀሽ ከበላሽ ስስታም። ካልበላሽ ደግሞ ወይ ንቀሻል፣ ወይ ታመሻል፣ ወይ ደም አለብሽ። ቤትሽ ገብቶ ያልበረበረሽ ሰው በአፍሽ በኩል ይበረብርሻል። ስለዚህ ሁሉም “ጨጓራዬ” ይላል። ግማሹ መቱ ጨጓራ አለበት፣ ከእኔ ከባለመድኃኒቷ ግን የጨጓራ መድኃኒት የሚገዛ ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

አራርሳ መድኃኒት ቤት መጣ። ሂካ ከሞተ ጀምሮ አልተላጨም። የባንኮኒው መስተዋት ላይ ሁለት እጁን አስቀመጠ።

“ጥሩአየሁ፣ ጅራታ ጨጓራ አለበት?”

“ምነው?”

“ቤታችን ሁለት ሳምንት ተመላልሷል። ሽሮ አቀረብን፣ ጾም ነኝ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ጨጓራዬ አለ። ውሃ ሰጠነው፣ ያዘውና አስቀመጠው። ከወንድሜ ጋር መጣላቱን ሁሉም ሰምቷል። ፖሊስ ሁለት ሰው ያዘና ለቀቀ። አንቺ መድኃኒቱን ትሸጪለታለሽ፤ በሽተኛ ከሆነ በሽተኛ ነው በይኝና ልተወው።”

አንድ ቃል ነበር የፈለገው። ለጋሼ ምያለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለመሐላዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ጋሼ ካልሆኑ ቀጥሎ “ታዲያ ማነው?” ይላል።

“አላውቅም፣ ከእኔ አይገዙም” አልኩት።

“ከእኔ አይገዙም” ያልኩት ለምንድን ነው? አላውቅም ብል አይበቃም ነበር?

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ዳሪሙ ያለውን የጋሼን ቡና ጨፈጨፉት። ፍሬው ቀይ ሆኖ ሳይለቀም በገጀራ ከሥሩ ነው የቆረጡት። ውሻቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ሆዱን ቀደዱት። ቢሊሴ እዚህ ጋ ቆማ ስትነግረኝ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። “አባቴን ለምን እንደጠሉት ንገሪኝ እትዬ፣ ምን አደረጋቸው?” አለችኝ። ከረሜላ ሰጠኋት። ለሃያ ዓመት ልጅ ከረሜላ!

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ጋሼ ጅራታ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ገቡ።

“ጋሼ፣ ይንገሯቸው” አልኳቸው። “በሽታ ነው ይበሉ። ወረቀቱን ያሳዩዋቸው።”

“ምን ልበል? ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ልጄ እንደ አራስ አጥሚት ታጠጣኛለች፣ የዋጥኩት ባፍንጫዬ ይወጣል ልበል? በዚህ ሰፈር በየቤቱ በር ተክያለሁ። በየበሩ ቆመው ሊስቁብኝ?”

“ሊገድልዎት እኮ ነው።”

“የሞተ ሰው አይሳቅበትም” አሉ። ቆይተው ደግሞ “አንቺ ብትነግሪው ያምንሽ ነበር። ጠየቅኳት፣ አላውቅም አለች ብሎ ለሰው አውርቷል” አሉኝ። አልተቆጡም። ዓይኔን ብቻ አዩት። ምን እንዳዩ አላውቅም፣ ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ዮፍታሄን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን እንዲሰጥ ነገርኩት። አንተ ነህ ሳልለው ነው የጀመርኩት፤ “ጋሼ ጅራታ በሌላ ሰው ጥፋት ሊሞቱ ነው” አልኩ። በጥፊ መታኝ። ከወደቅኩ በኋላ በእግሩ ደገመኝ። ፀጉሬን ይዞ ራሴን ከወለሉ እያጋጨ ይጮህ ነበር፤ “ማን አወራ? ማን አወራ? ትራሱን ማን ቀደደው?” ይላል። አንገቴን ሲይዘኝ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ሂካም ያየ ይመስለኛል።

ከዚያ ለቀቀኝ፣ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ነገረኝ። ወንዙ ጋ ሂካ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ “ጉንዳን፣ ዛሬስ ምን ይዘህ ነው የምትሸሸው? ኪስህን ልፈትሽ” አለው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተበት። ኪሱ ውስጥ ዳቦ ነበር። ዮፍታሄ ዳቦ ሳይዝ ከቤት አይወጣም፣ እስከ ዛሬ ድረስ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሂካ ዳቦውን አውጥቶ ወደ ላይ ይዞ ሳቀ።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ደብተሩም ያውቃል።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከንፈሬ አብጧል። እትዬ ሻሽቱ ቤት አልሄድኩም። ምግቡን በሳህን ሸፍነው ወደ እኔ ላኩልኝ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ሄድኩ። ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኩ። እያነጣጠሩ በሌላኛው የአፌ ጎን አጎረሱኝ፣ ቁስሉን እንዳይነካኝ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

አራርሳና ሁለት ያጎቱ ልጆች ጋሼ ጅራታን ገበያ መሐል በዱላ ደበደቧቸው። ቀኝ ክንዳቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሰው ቆሞ አየ፣ እኔም ከመድኃኒት ቤቱ በር ሆኜ አየሁ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ሲወድቁ አራርሳ አፋቸው ላይ ረግጦ “ይሄ አፍ ለምን አይከፈትም?” አላቸው። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፉ።

ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። ፋሻውን ስጨርስ “አይዞሽ” አሉኝ። እኔን! የምጽፍበት እስክሪብቶ ላይ ደማቸው አለ።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ። ገና።

ጾም ተፈታ፣ “ጾም ነኝ” የሚባል ነገርም አበቃ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ዲንቃ ዛሬ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ነገሩን ቆረጡ። ቅዳሜ የሂካ አርባ ነው። ጅራታ መጥቶ ከሻሽቱ ትሪ ይብላ። ከበላ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይነካውም። ካልበላ ለሕግ ይሰጣል፣ ሽማግሌ እጁን ያነሣል። ሁሉም “መልካም ፍርድ” አለ። እውነትም መልካም ነው፣ መዋጥ ለሚችል ሰው።

አራርሳ ለሕግ እስኪሰጡ እንደማይጠብቅ ልጅ እንኳ ያውቃል። በየጠዋቱ ገጀራ ሲስል ከአጥሩ ወዲህ እሰማዋለሁ።

ጋሼ ደግሞ “እበላለሁ” አሉ።

ጥር 2፣ ዓርብ

ለነገ እንጀራ ሲዘጋጅ ረዳሁ። እትዬ ሻሽቱ “ነገ ሁሉ ነገር ይለይለታል፣ ጥሩዬ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል” አሉኝ። በላን። ወጥቼ አስመለስኩ። ዮፍታሄ እቤት ተኝቷል። መናገር አልቻልኩም።

ጥር 4፣ እሑድ

ትናንት የሆነውን ሳይጠፋኝ ልጻፍ።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ጋሼ ጅራታ የተሰበረ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ቢሊሴ ከኋላቸው ናት። አራርሳ ትሪውን ራሱ ተሸክሞ ፊታቸው አስቀመጠ፤ የበሬ ሥጋ ወጥ ነው፣ ጉርድ ጉርድ ያለ። እኔ ከእትዬ ሻሽቱ አጠገብ ነበርኩ። እንደ ልማዳቸው ለእኔ መጠቅለል ጀመሩ።

ጋሼ በግራ እጃቸው ትንሽ እንጀራ ቆርሰው ዋጡ። ወረደ። ድንኳኑ ተነፈሰ። አራርሳ “ሥጋውን” አለ። ሥጋውን አነሡ። እንዳያኝኩ ጥርሳቸውን ሰብሮባቸዋል። ዋጡት። አየሁ፣ ጉሮሯቸው ላይ ሲቆም አየሁ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ወጣ፣ ከዚያ እንጀራውም ወጡም በአፍንጫቸው ተመልሶ ነጩ ጋቢ ላይ ፈሰሰ።

“ተፋው!” አለ አንዱ። “ደሙ አልቀበለው አለ!”

አራርሳ ዘሎ መንጋጭላቸውን ያዘ። በሌላ እጁ ሥጋ አፍሶ አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቀ። “ኛዹ! ብላ! የወንድሜን ሥጋ በልተህ የለ፣ ይሄንንም ብላ!” ጋሼ መሬቱን በእግራቸው ይመቱታል። ቢሊሴ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ “አባቴ መዋጥ አይችልም! በሽታ ነው! አጥሚት ነው የሚጠጣው!” እያለች ትጮኻለች። “አሁን ነው በሽታው የመጣው?” አሏት። ማንም አላመናትም። አራርሳ ከጋቢው ሥር ገጀራውን አወጣ።

“ጥሩአየሁን ጠይቋት!” አለች ቢሊሴ። “ወረቀቱን ያነበበችው እሷ ናት!”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ሻሽቱ ጉርሻውን አፌ አጠገብ እንደያዙ “እውነት ነው ጥሩዬ? አንቺ ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

አፌን ልከፍት ስል ጉርሻው ነካኝ። በስመአብ፣ አልከፈት አለኝ። ጥርሴን ነከስኩ። እትዬ ሻሽቱ እጃቸው ቆመ። ጉርሻውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከሁሉም በፊት የገባቸው እሳቸው ናቸው፣ ገና አንድ ቃል ሳልናገር።

“ጋሼ በሽተኛ ናቸው” አልኩ። “አያጉርሱኝ፣ እትዬ። ደም ያለብኝ እኔ ነኝ። ሂካን የገደለው ዮፍታሄ ነው።”

አራርሳ ጋሼን ለቆ ወደ እኔ መጣ። አልሸሸሁም። አባ ዲንቃ ገጀራውን በባዶ እጃቸው ያዙት። ሁለት ጣታቸው ትሪው ላይ ወደቀ። ደሙ እንጀራውን አለበሰው። አምስት ወንድ አራርሳን መሬት ላይ አስተኝቶ ተቀመጠበት፤ ከሥራቸው ሆኖ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር። ጋሼን ደግሞ በሆዳቸው አስተኝተው ጀርባቸውን ሲደበድቡ ሥጋው ወጣና ተነፈሱ።

ዮፍታሄ ጩኸቱን ከቤት ሰምቶ አንድ እግር ጫማውን ሳያጠልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሮጦ ገባ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

እትዬ ሻሽቱ አልጮኹም፣ አልመቱኝም። ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡትና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

“እያወቅሽ ስንት ቀን በላሽ?” አሉኝ።

ዛሬ ይህን ደብተር ገልጬ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሦስት። አንዱን ቀን ቤቴ ድረስ ነው የላኩልኝ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ቢሊሴ አባቷን ጅማ ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከፔርሙስ አጥሚት ቀድታ አጠጣቻቸው አሉ። የሳቀ የለም። እኔ አልነበርኩም፣ ሰው ነው የነገረኝ።

እትዬ ሻሽቱ ለሐዘኑ የወሰድኩላቸውን ሳህኖች ሁሉ አጥበው ደጄ ላይ ደፍተውልኛል። አባ ዲንቃ ጉማው ጊዜ ይወስዳል ብለውኛል፣ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ። እስከዚያ በእትዬ ሻሽቱ አጠገብ ሳልፍ ዓይኔን እሰብራለሁ። መድኃኒት ቤቱም ሌላ ሰው ፈልገናል ብሎኛል። ይገባል።

ዛሬ ለዮፍታሄ ጣቢያ ምግብ ወሰድኩ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ “መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ” አለኝ፣ ለሁሉም የሚያደርጉት ነው። ቀመስኩ። ከስንት ቀን በኋላ ሆዴ ያልመለሰው እህል ይህ ነው።

ዮፍታሄን አጥሩ ሥር አመጡልኝ። ከስቷል። “እትዬ” ብቻ አለኝ። ይቅርታም አላለኝ፣ እኔም አላልኩትም። ወጡን በላ፣ እንደ ድሮው ሳያኝክ። ዳቦውን ከሁለት ገመሰ። ግማሹን በላና ወዲያ ወዲህ አየ። ሌላውን ግማሽ ጃኬቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

ፖሊሱ ከሩቅ “ምንድን ነው የደበቀው?” አለኝ።

“ምንም” አልኩት። “በልቶ ጨርሷል።”